ልጄ ወታደር ነው፤ ደሞዙ ቢዘገይ ምን አለበት?

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ። የምኖረው አሌክሳንድሪያ፣ ቨርጂኒያ ነው። ልጄ የአሜሪካ ጦር ውስጥ ከገባ ሦስት ዓመት ሆነው። አግብቷል፣ አንዲት ሕፃንም አለችው። በ2025 መንግሥት ተዘጋ ሲባል ደሞዙ ይግባ አይግባ ሳናውቅ ስንደዋወል ነበር ያደርነው። በመጨረሻ ገባለት። ጎረቤቴ «ምን አስጨነቀሽ፣ ቢዘገይም ኋላ ይሰጡታል» ትለኛለች። እውነት ለውጥ የለውም?

መልስ፦ እናታችን፣ ለውጥማ አለው። ጎረቤትዎ በክፋት እንዳላሉት አውቃለሁ፤ ብዙ ሰው እንደዚያ ነው የሚያስበው። ግን የቤት ኪራይ «ኋላ» አያውቅም። የሕፃን ወተትም እንደዚያው። ከእጅ ወደ አፍ ለሚኖር ወጣት ቤተሰብ፣ ኋላ ይከፈላል የሚባል ደሞዝ ላም አለኝ በሰማይ ነው።

የአሜሪካ የበጀት ዓመት ኦክቶበር 1 ይጀምራል። የእኛ አገሩ ሐምሌ 1 እንደሚጀምረው ማለት ነው፤ ሰኔ ሲያልቅ በየመሥሪያ ቤቱ ያለውን ሩጫ መቼም ያስታውሱታል። በሕገ መንግሥታቸው መሠረት ኮንግረሱ በሕግ ካልፈቀደ ከግምጃ ቤት ገንዘብ አይወጣም። ስለዚህ እስከ ሴፕቴምበር 30 እኩለ ሌሊት በጀት ወይም ቢያንስ ጊዜያዊ ውሳኔ ካልጸደቀ መንግሥት «ተዘጋ» ይባላል፤ ልጅዎ በነጋታው ሥራ ይገባል፣ ደሞዙ ግን የሚወጣበት ሕጋዊ መንገድ የለም። «ካልከፈላችሁኝ አልመጣም» ማለት አይችልም። ወታደር ነዋ!

የወታደር ደሞዝ የሚገባው በወር ሁለቴ፣ በ1 እና በ15 ነው። በ2025 መንግሥት ከኦክቶበር 1 ጀምሮ ለ43 ቀናት ተዘጋ። ታዲያ የኦክቶበር 15ቱ ደሞዝ ከየት መጣ? በጀት ወጥቶ አይደለም። ለምርምር ተመድቦ ሥራ ላይ ሳይውል ከቆየ ገንዘብ ወደ 8 ቢሊዮን ዶላር ተወስዶ ነው። የምርምር ገንዘብ ሁለት ዓመት ስለሚቆይ የተረፈ ተገኘ፤ የደሞዝ ገንዘብ ግን የአንድ ዓመት ብቻ ነው። በዚያው ወር አንድ ባለሀብት ለወታደሮች ደሞዝ ይሁን ብለው 130 ሚሊዮን ዶላር ለገሱ። እግዜር ይስጣቸው። ግን በመደበኛ ሥራ ላይ ያለው ወታደር ወደ 1.3 ሚሊዮን ነው፤ ለእያንዳንዱ ቢካፈል 100 ዶላር ገደማ ይደርሰዋል። ለልጅዎ የገባለት ደሞዝ እንዲህ ከዚህም ከዚያም ተቃርሞ ነው። አገር የሚጠብቅ ሰው ደሞዝ በልገሳና በትርፍራፊ መታሰቡ እኔን በጣም ያሳዝነኛል።

ደግሞ ሁልጊዜ የሚቃረም አይገኝም። በ2018 መጨረሻ መንግሥት ተዘግቶ 35 ቀን ሲቆይ የመከላከያ በጀት ቀድሞ፣ በዚያው ዓመት ሴፕቴምበር ላይ ጸድቆ ስለነበር ምድር ጦሩም ባሕር ኃይሉም ደሞዛቸውን በቀኑ አገኙ። ኮስት ጋርድ (የባሕር ጠረፍ ጠባቂው ኃይል) ግን የሚተዳደረው በአገር ውስጥ ደኅንነት መሥሪያ ቤት ሥር ነው፤ የዚያ መሥሪያ ቤት በጀት ደግሞ አልወጣም ነበር። ጃንዋሪ 15፣ 2019 ከ40,000 በላይ የኮስት ጋርድ አባላት ሒሳባቸውን ሲያዩ ደሞዝ ሳይገባበት አገኙት። ያው ዩኒፎርም፣ ያው ቃለ መሐላ። አንዱ ሲከፈለው ሌላው የቀረው የአንዱ በጀት በጊዜው ስለወጣ ብቻ ነው። ይህንን ለጎረቤትዎ ይንገሩልኝ።

ከሁሉ የማይረሳኝ የ2013ቱ ነው። ያኔ የወታደር ደሞዝ እንዳይቋረጥ ኮንግረሱ ለብቻው ሕግ አውጥቶ ነበር። ግን ወታደር ሲሞት ለቤተሰቡ በአስቸኳይ የሚሰጠው 100,000 ዶላር በዚያ ሕግ አይሸፈንም ተባለ። ኦክቶበር ላይ አፍጋኒስታን ውስጥ የወደቁ ልጆች አስከሬን መጣ፤ ወላጅ ሐዘን ላይ ተቀምጦ ገንዘቡ የለም ተባለ። አንድ የበጎ አድራጎት ድርጅት እኔ ልሸፍን ብሎ ከተነሣ በኋላ ነው ኮንግረሱ ተጣድፎ ያስተካከለው።

መንግሥት ባይዘጋም መዘግየቱ ይጎዳል። በጀት ሳይጸድቅ ሲቀር በጊዜያዊ ውሳኔ «ባለፈው ዓመት ልክ እያወጣችሁ ቆዩ» ይባላል። በዚህ ጊዜ አዲስ ሥራ መጀመር፣ የጦር መሣሪያ ምርት መጠንንም መጨመር በአብዛኛው ክልክል ነው። የ2024 የመከላከያ በጀት የተፈረመው ማርች 2024 ላይ ነው፤ ግማሽ ዓመቱ አለቀ ማለት ነው። የ2025ቱ ደግሞ ጭራሽ ዓመቱን ሙሉ በጊዜያዊ ውሳኔ አለፈ።

ለክፉ ቀን፦ ልጅዎ ያለወለድ የሚያበድረውን የጦሩን መረዳጃ ከወዲሁ ያነጋግር። አከራዩንም አስቀድሞ ያናግር። ኪራዩ ካለፈ በኋላ መለመን ይከብዳል።

ጥያቄ፦ ለምን አንዴ የ10 ዓመት የጦር በጀት አጽድቀው አይገላገሉም? ከሲልቨር ስፕሪንግ፣ ሜሪላንድ።

መልስ፦ ወንድሜ፣ ሕገ መንግሥቱ አይፈቅድም። አንቀጽ 1 ክፍል 8 ለምድር ጦር የሚመደብ ገንዘብ ከሁለት ዓመት እንዳይበልጥ ይላል። መሥራቾቹ ጦሩ ከሕዝብ ተወካዮች እጅ ወጥቶ የአንድ ሰው መሣሪያ እንዳይሆን ፈርተው ነው፤ ፍርሃታቸው ትክክል ይመስለኛል። በጀቱን በየጊዜው ማጽደቅ እንግዲህ የተወካዮቹ የራሳቸው ግዴታ ነው፣ ቀኑም ድንገት የሚመጣ አይደለም። መንግሥት ሲዘጋ ደሞዝ እንዳይቋረጥ የሚል ሕግ ግን ይቻላል፤ 2013 ላይ ተችሏል። ኦክቶበር 2025 ለወታደሩና ሥራ ላይ ለቆዩት ሠራተኞች ደሞዝ ይከፈል የሚል ሐሳብ ሴኔት ቀርቦ የሚያስፈልገውን 60 ድምፅ ሳያገኝ ወደቀ። የእርስዎ ሴናተሮች ያን ቀን ምን ብለው ድምፅ እንደሰጡ ቢሯቸው ደውለው ይጠይቁ፤ ስልኩን የሚያነሣው ሰው የደዋዩን ሐሳብ ይመዘግባል።