የአንባቢያን ጥያቄና መልስ፦ አዲስ አበባን በማዕዷ ማወቅ

የአዲስ አበባን ምግብ በአስጎብኚ እየተመሩ መቅመስን በተመለከተ ከደረሱን ደብዳቤዎች መካከል ሦስቱን መርጠን ከመልሶቻቸው ጋር አቅርበናል።

ጥያቄ፦ የምኖረው አሜሪካ፣ ሜሪላንድ ውስጥ ነው። አሜሪካዊ ባለቤቴንና በአሥራዎቹ ዕድሜ የሚገኙ ሁለት ልጆቼን ይዤ ከታኅሣሥ 8 እስከ 23 አዲስ አበባ እቆያለሁ። ልጆቼ በአስጎብኚ የሚመራ የምግብ ጉብኝት ካልሄድን ብለዋል። እናቴ ደግሞ «ቤት ሙሉ ምግብ እያለ ለመብላት ገንዘብ ይከፈላል ወይ?» ብላ ተቀይማለች። ጉብኝቱ ጥቅም አለው? ወቅቱ ጾም መሆኑስ አያስቸግረንም? ልጆቼ ጥሬ ሥጋ ቢጠይቁኝስ ልፍቀድላቸው? — ወ/ሮ ሰ.

መልስ፦ ወይዘሮ ሰ.፣ አዲስ አበባ ውስጥ ምን እንደሚበላ የሚወስነው ከቦታው ይልቅ ቀኑና ሰዓቱ ነው። ብዙ እንግዶች የምግብ ቤቶችን ስም ጽፈው ይመጣሉ፤ ይሁን እንጂ ሐሙስ ዕለት የክትፎ ጣባ የማይጠፋበት ገበታ ረቡዕ በሽሮና በጎመን ይሞላል፣ ጠዋት ፉልና ጨጨብሳ የሚያቀርበው ቤትም ከቀትር በኋላ ሌላ ቤት ይመስላል። የእርስዎ ጉዞ የሚውለው ከኅዳር 15 ጀምሮ እስከ ገና በሚዘልቀው የነቢያት ጾም ውስጥ ነው። በዚህ ጾም እንደ ሁዳዴው ሥጋ ቤቶች በብዛት ስለማይዘጉ የፍስክ ምግብ የሚፈልግ የቤተሰብዎ አባል አይቸገርም። እኛ ግን ጾሙን እንደ መሰናክል ሳይሆን እንደ ዕድል እንዲያዩት አጥብቀን እንመክራለን፤ ምክንያቱም የከተማዋ ወጥ ሠሪዎች ብልሃት ጎልቶ የሚወጣው ቅቤና ሥጋ በሌለበት ነው።

በያይነቱ በየአገሩ ባሉ የሐበሻ ምግብ ቤቶች ይገኛልና ልጆችዎ ሳያውቁት አይቀሩም። እዚህ ሲመጡ ግን ከምስርና ከክክ አልፈው ይጠይቁ። የሱፍ ፍትፍት ይቅመሱ፤ ሱፉ ተፈጭቶና በውኃ ተበጥብጦ ከተጠለለ በኋላ ወተት በሚመስለው ፈሳሽ ላይ እንጀራው ይፈተፈታል። አዚፋን ከሰናፍጩ ጋር ይሞክሩ። ከሁሉ በላይ ስልጆ ያለበትን ቤት ያፈላልጉ፤ የባቄላ ዱቄት ከሱፍ ውኃ ጋር በስሎ፣ ሰናፍጭና ነጭ ሽንኩርት ገብቶበት ለቀናት ሲብላላ የሚያወጣው ኮምጣጣና አፍንጫ የሚሰነፍጥ ጣዕም ሌላ የትም የለም። ይህን ምግብ ሁሉም ቤት አይሠራውም፤ የትኛው ቤት በየትኛው ቀን እንደሚያወጣው የሚያውቅ አስጎብኚ ካገኙ የከፈሉት ገንዘብ አይቆጭዎትም።

ወደ እናትዎ ቅሬታ ስንመለስ፣ የቤቱና የጉብኝቱ ትምህርት የተለያየ ስለሆነ አንዱ ሌላውን አይተካም። የመጀመሪያውን ቀን ለእናትዎ ይስጡ፤ አስጎብኚዋም እርሳቸው ይሁኑ። ከጤፍ ጀምረው እንጀራ እስኪወጣ ድረስ ያሳዩ። በእርሾ የተቦካው ሊጥ ሁለት ሦስት ቀን ሰንብቶ ከላዩ ያቀረረው ውኃ ሲደፋ፣ ከሊጡ ተቀንሶ በፈላ ውኃ አብሲት ሲጣልና ተመልሶ ሲቀላቀል፣ ሊጡም ኩፍ ሲል ልጆችዎ በዓይናቸው ይዩ። ከዚያም ምጣዱ ሲግል እናትዎ ከዳር ጀምረው ወደ መሐል እያዞሩ ያፈሳሉ፤ ጥቂት ቆይቶ ዓይኑ አንድ በአንድ ብቅ ብቅ ሲል አክንባሎው ይገጠማል። በአሜሪካ ከገብስ ወይም ከሌላ ዱቄት ጋር የተደባለቀ እንጀራ እየበሉ ያደጉ ልጆች ልዩነቱን ለመረዳት ከዚህ የተሻለ መንገድ የላቸውም። ከተቻለ የነጭና የሰርገኛ ጤፍ እንጀራ ጎን ለጎን አቅርበው ያለ ወጥ ያስቀምሷቸው።

በዚያው ቀን ግን ዶሮ ወጥ እንዲሠራልዎ አይጠይቁ። እናትዎ የሚጾሙ ከሆነ ለእንግዳ ሲሉ ቢሠሩትም ጨዉንና ቅመሙን መቅመስ አይችሉም፤ ሽንኩርቱ እስኪበስል ግማሽ ቀን የሚፈጅ፣ 12 ብልት ወጥቶለት የሚታጠብ ምግብ በግምት ሲሠራ ደግሞ ለሠሪዋም ያሳዝናል። ትኬትዎን ማራዘም የሚችሉ ከሆነ እስከ ታኅሣሥ 29 ይቆዩ። የገና ዕለት በቤት የሚበላውን ዶሮ ወጥ ገንዘብ አይገዛውም።

አስጎብኚው የሚያስፈልግዎት እናትዎ ለማይሄዱባቸው ቦታዎች ነው። መርካቶን ለምሳሌ ያለ መሪ መግባት ለእንግዳ አድካሚ ነው፤ በርበሬውና ቅመሙ ወደሚሸጥበት ተራ በማለዳ ከሚያውቅ ሰው ጋር ቢገቡ ግን ለወጡ መሠረት የሆነውን ሁሉ በአንድ ስፍራ ያገኙታል። ሻጯ የኮረሪማውን ቅርፊት በጥፍሯ ሰንጠቅ አድርጋ ፍሬውን ስታሸትትዎ፣ ቀጥላም ኮሰረትና በሶብላ ስታቀርብልዎ፣ የንጥር ቅቤና የበርበሬ ሽታ ከየት እንደሚመጣ ልጆችዎ ያለ ማብራሪያ ይገባቸዋል።

ገንዘብ ከመክፈልዎ በፊት የጉብኝቱን መርሐ ግብር ያስልኩና ወቅታዊ መሆኑን ያረጋግጡ። ከተማዋ በጥቂት ዓመታት ውስጥ በእጅጉ ተለውጣለች። ፒያሳ የነበረው አትክልት ተራ በ2012 ዓ.ም. በወረርሽኙ ምክንያት ወደ ጃንሜዳ፣ ከዚያም ወደ ኃይሌ ጋርመንት አካባቢ ተዛውሯል፤ በ2016 ዓ.ም. ደግሞ የፒያሳ ነባር ቤቶች ብዙዎቹ ለኮሪደር ልማት ፈርሰዋል። አሁንም «ጠዋት አትክልት ተራን በፒያሳ እንጎበኛለን» የሚል መርሐ ግብር ከደረሰዎ አዘጋጁ በቦታው ከተገኘ ቆይቷልና ሌላ ይፈልጉ።

ስለ ጥሬ ሥጋ በግልጽ እንናገር። ቁርጥም ሆነ ጥሬ ክትፎ የኮሶ ትል ሊያስይዝ ይችላል፤ ሥጋው ቄራ ታርዶ ተመርምሮና ማኅተም ተመትቶበት መውጣቱ ሥጋቱን ይቀንሰዋል እንጂ አያጠፋውም። ሚጥሚጣውም ሆነ አረቄው ትሉን አይገድለውም፤ ለብለብም ቢሆን እሳቱ ወደ ውስጥ ስለማይዘልቅ መተማመኛ አይሆንም። ስለዚህ ለልጆችዎ በደንብ የበሰለ ክትፎ ይዘዙላቸው። አይቡ፣ ጎመኑና ቆጮው እንዳለ ስለሚቀርብላቸው የጉራጌን ማዕድ ከመቅመስ የሚጎድልባቸው ነገር ጥቂት ነው። በየትሪው ጠርዝ የሚቀመጠውን ጥሬ ሰላጣም በመጀመሪያዎቹ ቀናት ቢተዉት ይሻላል። ባለቤትዎ ጠጅ ቤት መግባት ከፈለጉ፣ ጠጁ ለስላሳ፣ መካከለኛና ደረቅ እየተባለ እንደሚቀዳ፣ ደረቁ ብርቱ እንደሆነና ከ2,300 ሜትር በላይ ከፍታ ባለው ከተማ ደግሞ ከለመዱት ቀድሞ እንደሚሰማ ይንገሯቸው፤ ለልጆቹ ብርዝ ይጠይቁላቸው።

ጥያቄ፦ ፈቃድ ያለኝ አስጎብኚ ነኝ። እስከ አሁን እንግዶችን ወደ ሙዚየሞችና ወደ እንጦጦ ስወስድ ቆይቻለሁ። አሁን በእግር የሚደረግ የምግብ ጉብኝት ማዘጋጀት እፈልጋለሁ። ስንት ቦታ ላሳይ? ምንስ ልብ ማለት ይገባኛል? — ደ. ከአዲስ አበባ

መልስ፦ ውድ ጠያቂያችን፣ ሐሳብዎ አስደስቶናል። በመጀመሪያ ደረጃ በባህላዊ ጭፈራ የታጀበውን ትልቅ አዳራሽ ከመርሐ ግብርዎ ያውጡት። ጭፈራውን እንግዶችዎ በሌላ ምሽት በራሳቸው ያገኙታል፤ ከእርስዎ የሚፈልጉት የከተማው ሰው በሥራ ቀን ምን እንደሚበላ ነው። አራት ቦታ ከበቂ በላይ ነው። በእያንዳንዱ ቦታ አንድ ሙሉ ትሪ ከታዘዘ ሁለተኛው ላይ ሁሉም ይጠግባል፣ ከዚያ በኋላ ያለው መጎተት ይሆናል፤ ስለዚህ ከባለቤቶቹ ጋር አስቀድመው ተስማምተው አነስ ያለ መጠን ያዘጋጁ፣ ዋጋውን ግን አይቀንሱባቸው።

እኛ የምናምንበት ዘዴ አንድን ምግብ በሁለት ቤት ማስቀመስ ነው። ሽሮን ይውሰዱ። በአንዱ ቤት በሸክላ እየተንተከተከ የሚቀርበውን ተጋቢኖ፣ በሌላው ቀጠን ብሎ የሚወጣውን የዘወትር ሽሮ ተከታትለው ያስቀምሱ። እንግዳው ልዩነቱ ከአፈጫጨቱ፣ ከቅመሙና ከእሳቱ መሆኑን በምላሱ ካወቀ ገለጻዎን ማሳጠር ይችላሉ። ቡናውንም እንዲሁ። ሳይታጠብ በደረቁ የተዘጋጀ የሐረር ቡናና የታጠበ የይርጋጨፌ ቡና በአንድ ጀበና ቤት አስቆልተው በተከታታይ ማስቀመስ ረጅም ንግግር የማይሠራውን ይሠራል። በ1953 እ.ኤ.አ. ፒያሳ የተከፈተውን ቶሞካን የመሰለ፣ ማኪያቶ ቆመው የሚጠጡበት ቤትም ይጨምሩበት፤ ከአምስቱ ዓመት የጣሊያን ወረራ በኋላ የቀረው የማሽን ቡና ከእኛው አቦል፣ ቶናና በረካ ጎን ለጎን የሚኖር መሆኑ የአዲስ አበባ እውነተኛ መልክ ነው። ጀበናው ያለበት ማረፊያ ግን የመጨረሻው ይሁን። ሦስቱን ስኒ ሳያዳርሱ እንግዳ ማስነሣት ለባለ ቡናዋም ስድብ ነው።

ልብ እንዲሉ የምንፈልገው ዋና ነገር እንግዳ የሚወስዱባቸውን ሰዎች ጥቅም ነው። ከሰባት ሰው የበለጠ ቡድን አይምሩ። በመንገድ ዳር ቡና የምታፈላ ሴት ያሏት በርጩማዎች ጥቂት ናቸው፤ ምሳ ሰዓት ላይ አሥር እንግዳ ከተቀመጠባቸው የዘወትር ደንበኞቿ ቆመው ይሄዳሉ፣ እርስዎ ነገ ባይመጡ ደግሞ የሚቀሩላት እነርሱ ነበሩ። ስለዚህ ከቀኑ 9 ሰዓት በኋላ ይሂዱ። ካሜራ ከመውጣቱ በፊት ፈቃድ ይጠይቁ፣ ክፍያውንም በእንግዳው ጉርሻ ላይ ሳይተዉ ራስዎ ይክፈሉ። በጾም ወራት ለሚጾሙ ባለሙያዎች «ቅመሽው» እያሉ ለፎቶግራፍ ማስገደድ ከአስጎብኚ የማይጠበቅ ነገር ነው፤ ይህን ሲደረግ አይተን አዝነናል።

ጥያቄ፦ አዲስ አበባ ተወልጄ ያደግሁ ሙስሊም ነኝ፤ አሁን የምሠራው ዱባይ ነው። አረብ ጓደኞቼን በረመዳን ወደ አዲስ አበባ ይዤ ለመምጣት አስቤያለሁ። አስጎብኚዎች የሚልኩልኝ መርሐ ግብር ግን ሁሉም በቀን የሚደረግና ለእኛ የማይሆን ሥጋ ያለበት ነው። ምን ባደርግ ይሻላል? — ሙ. ከዱባይ

መልስ፦ ውድ ጠያቂያችን፣ በአገራችን ክርስቲያኑም ሙስሊሙም የየራሱን እርድ እንደሚበላ እያወቁ ይህን ሳይጠይቁ መርሐ ግብር የሚልኩ አስጎብኚዎች ጥፋት አለባቸው። እርስዎ የቀኑን ጉብኝት ሙሉ በሙሉ ይተዉትና ምሽቱን ይያዙ። ከመግሪብ አንድ ሰዓት ያህል ቀደም ብላችሁ መርካቶ በታላቁ አንዋር መስጊድ አካባቢ ብትገኙ ቴምሩ ሲደረደር፣ ሳምቡሳው ከዘይት ሲወጣ፣ ሾርባው በየድስቱ ሲፈላ ታያላችሁ። አፍጥራችሁ ከሰገዳችሁ በኋላ በዚያው አካባቢ ካሉት የሙስሊም ምግብ ቤቶች በአንዱ እራት ብሉ። ማንዲና ፈጢራ ለጓደኞችዎ አዲስ ስለማይሆኑባቸው በአዲስ አበባ እጅ እንዴት እንደሚሠሩ ቀምሰው ያወዳድሩ፤ ከጎኑ ግን ጥብስ በእንጀራ አይቅር። መኪናና አስጎብኚ ከፈለጉ ሰፈሩን የሚያውቅ፣ ቢቻል ራሱም የሚጾም ሰው ይምረጡ። አብሯችሁ የሚያፈጥር መሪ የት ቦታ ቶሎ እንደሚሞላና ቦታ በስንት ሰዓት መያዝ እንዳለበት ያውቃል፤ ዓርብ ምሽት ደግሞ ሕዝቡ ስለሚበዛ ሌላ ቀን እንድትመርጡ እንመክራለን።