ደረሰኙን ይዛ የሄደችው ልጅ

ልጆቼ፣ በኦዲት ሥራ 31 ዓመት ቆይቼ ጡረታ ወጥቻለሁ። አዲስ የተቀጠረ ኦዲተር ምክር ሲጠይቀኝ "ሸርሎክ ጁኒየርን አይተሃል?" እለዋለሁ። አብዛኞቹ ያሾፍኩባቸው ይመስላቸዋል።

አሜሪካዊው ኮሜዲያን በስተር ኪተን እ.ኤ.አ. በ1924 የሠራው ድምፅ አልባ ኮሜዲ ፊልም ነው። 45 ደቂቃ ገደማ ስለሆነ ቡናው በረካ ሳይደርስ ያልቃል።

ኪተን በታሪኩ ውስጥ ሲኒማ ቤት ፊልም የሚያጫውት፣ ወለልም የሚጠርግ ምስኪን ነው። ሕልሙ መርማሪ መሆን ነው። ለሚወዳት ልጅ በ1 ዶላር ቸኮሌት ይገዛና ዋጋውን ደልዞ 4 ያደርገዋል። ተፎካካሪው ደግሞ የአባቷን የኪስ ሰዓት ሰርቆ በ4 ዶላር ያስይዛል። ሰዓቱ ሲጠፋ የእኛ መርማሪ መጽሐፉን ይገልጣል። "ሁሉንም ፈትሽ" ይላል። ሁሉም ይፈተሽ ብሎ ሲነሳ የመያዣው ደረሰኝ ከራሱ ኪስ ይወጣል። ሌባው ቀስ ብሎ ከቶበታል። ደረሰኙ ላይ 4 ዶላር፣ ቸኮሌቱ ላይ 4 ዶላር። አለቀለት! ስርዝ ድልዝ አትውደዱ የምላችሁ ለዚህ ነው።

ከዚያ መጽሐፉ "ተጠርጣሪህን ተጠግተህ ተከተል" ሲለው፣ ሰውየውን እግር በእግር ተከትሎ የባቡር ማቀዝቀዣ ፉርጎ ውስጥ ይቆለፍበታል። (እዚያው ባቡሩ ላይ የውሃ ማማው የለቀቀው ውሃ ኪተንን በእውነት ጥሎት አንገቱ ተሰንጥቋል። ያወቀው ከዓመታት በኋላ በራጅ ነው።)

ልጅቷስ? ደረሰኙን ይዛ ሱቁ ሄደች። "ይህን ያስያዘው ማነው?" አለች። ባለሱቁ ነገራት። በቃ። እሱ ግን ይህን ሳያውቅ ፊልም ማጫወቻው ማሽን አጠገብ ተኝቶ፣ በሕልሙ ታላቅ መርማሪ ሆነ።

እኔም ተኝቼ አውቃለሁ። በጀማሪነቴ አንድ መሥሪያ ቤት ግምጃ ቤት ስንቆጥር 12 ጎማ ጎደለ። ሞዴል 22 በሚባለው የንብረት ወጪ ደረሰኝ ላይ የግምጃ ቤቱ ኃላፊ ፊርማ አለ። ተቀብያለሁ የሚል የገቢ ደረሰኝ፣ ሞዴል 19፣ ግን ከየትም አልተገኘም። መመሪያውን ሦስት ቀን አገላበጥኩ፣ አራት ገጽ ሪፖርት ጻፍኩ፣ ሰውየውን አጉዳይ አልኩት። እውነቱን ለመናገር፣ ደስ ብሎኝ ነበር። ሪፖርቱን የምትተይበው ጸሐፊ ሁለተኛው ገጽ ላይ ቆም አለችና "ጎማውን የጫነውን ሹፌር ጠይቀኸዋል?" አለችኝ። አልጠየቅኩም። እሷ ስልክ አነሳች። ጎማዎቹ በተላኩበት ቅርንጫፍ ጓሮ ሸራ ለብሰው ተቀምጠዋል። የሚረከበው ሠራተኛ የዓመት ፈቃድ ላይ ነበር።

ሪፖርቱን ቀደድኩት። ከኃላፊው ጋር ግን ከዚያ በኋላም በየዓመቱ ለቆጠራ እንገናኝ ነበር። ሰላምታዬን በአንገቱ ብቻ ነበር የሚመልሰው።