«ጆይስቲኩ ነው ያሸነፈኝ»፦ ስለ ጌም የሚነገሩ ቀልዶች፣ ጥያቄና መልስ ከጅማ

በጅማ መርካቶ አካባቢ ጌም ቤት ሳስተዳድርና የጌም መሣሪያ ስጠግን 14 ዓመት ሆኖኛል። ተጫዋቾች በሽንፈትም በድልም ጊዜ የሚወረውሩት አስቂኝ አስተያየት ሰውን ከማሳቅ አልፎ ስለ ጌሙ አሠራር ብዙ እንደሚናገር ስለማምን፣ ጥያቄ ያለው ሁሉ እንዲጠይቀኝ ጋብዤ ነበር። የደረሱኝን ጥያቄዎች ከነመልሳቸው እነሆ።

ጋሼ፣ የተሸነፈ ሁሉ «ጆይስቲኩ ነው» ይላል። ይህ ሰበብ እውነት የሚሆንበት ጊዜ አለ? (ከሂርማታ)

አለ፤ ብዙ ሰው ከሚገምተውም በላይ። በአውራ ጣት በምናንቀሳቅሰው ዘንግ ሥር ፖቴንሽዮሜትር የሚባል ትንሽ አካል አለ፤ በካርቦን ንጣፍ ላይ የምትንሸራተት ቀጭን ብረት ዘንጉ ወደየት እንዳዘነበለ ለመሣሪያው ትነግረዋለች። ንጣፉ በብዙ ሺህ እንቅስቃሴ እየተፋቀ ሲሄድ ወይም የበጋው አቧራ ሲገባበት፣ ማንም ሳይነካው ዘንጉ የተገፋ መስሎ ይታያል። አንድ ጊዜ አንድ ወጣት ተከላካዩ ኳሱን ትቶ ወደ መስመሩ ዳር ሲሄድበት «ይኼ ሰውዬ ውኃ ጠምቶት ወደ አዌቱ ወንዝ እየወረደ ነው» ብሎ ቤቱን ሙሉ አሳቀ። እኔም አብሬ ከሳቅሁ በኋላ ጆይስቲኩን ከፍቼ ሳየው የግራው ዘንግ ንጣፍ ተበልቶ አገኘሁት፤ ስለዚህ የልጁ ቀልድ ትክክለኛ የብልሽት ምርመራ ነበር። ሰበቡ እውነት መሆኑን ለመለየት ጆይስቲኩን ጠረጴዛ ላይ አስቀምጡና ማንም ሳይነካው ተጫዋቹ ይንቀሳቀስ እንደሆነ ተመልከቱ። ቆሞ ከቀረ ጥፋቱ የእጅ ነው። በማግኔት የሚሠሩትና ሆል ኢፌክት የሚባሉት ዘንጎች እርስ በርሱ የሚፋተግ ንጣፍ ስለሌላቸው በዚህ ምክንያት አይበላሹም። በእኔ ቤት ክርክር ሲነሣ በእረፍት ሰዓት ጆይስቲክ መቀያየር ግዴታ ነው፤ ይህ ደንብ ያስቀረው ጠብ ብዙ ነው።

2 ለ 0 እየመራሁ 85ኛው ደቂቃ ላይ ተከላካዮቼ በሙሉ ቅቤ የጠጡ ይመስል ይፈዛሉ። ጓደኞቼ «ጌሙ ራሱ ተቃዋሚህን ይደግፋል» ይላሉ። እውነት ነው? (የቂጦ ፉርዲሳ ካምፓስ ተማሪ)

ይህ በዓለም ዙሪያ የሚነገር አቤቱታ ነው። እ.ኤ.አ. በ2020 በአሜሪካ ካሊፎርኒያ ጉዳዩ እስከ ፍርድ ቤት ደርሶ ነበር፤ ያኔ ፊፋ የተባለውን ጌም ይሠራ የነበረው ኩባንያ፣ ኢኤ፣ የጨዋታውን ክብደት በድብቅ የሚለዋውጥ አሠራር በጌሙ ውስጥ እንደሌለ ለከሳሾቹ ካሳየ በኋላ በ2021 ክሱ ተነሣ። እኔ ከጀርባችሁ ቆሜ የማየው ምክንያት ቀለል ያለ ነው። አብዛኛው ወጣት የሩጫውን ቁልፍ ከመጀመሪያው ፊሽካ እስከ መጨረሻው ሳይለቅ ይጫናል፤ እያንዳንዱ ተጫዋች ደግሞ የተወሰነ ጉልበት ስላለው 80ኛው ደቂቃ ሲደርስ ተከላካዮቹ ባዶ ይሆናሉ። ስለ ቅቤው የተናገርኸው ንግግር በጣም ደስ ብሎኛል፤ ሆኖም ያፈዘዛቸው የራስህ ጣት ነው። በሚቀጥለው ጊዜ የሩጫውን ቁልፍ ለአስፈላጊው ቅጽበት ብቻ አቆየውና፣ በ70ኛው ደቂቃ ሁለት ተከላካይ ቀይር።

ፍየል ሆኖ የሚጫወቱበት ጌም አለ ሲሉ ሰማሁ። ሰው እንዴት እንዲህ ዓይነት ነገር ይወዳል? (ከጎማ ወረዳ መጥቶ ጅማ የሚኖር)

ጎት ሲሙሌተር ይባላል፤ እ.ኤ.አ. ሚያዝያ 1 ቀን 2014 የወጣ ሲሆን፣ የሠራው የስዊድን ድርጅት ስም ኮፊ ስቴይን፣ ማለትም የቡና እድፍ ነው። የካልዲ ፍየሎች ቀዩን የቡና ፍሬ በልተው የጨፈሩት በጮጬ ነው እየተባለ ላደገ የጎማ ሰው፣ ፍየልና ቡና በአንድ ጌም መገናኘታቸው እንግዳ ሊሆንበት አይገባም። ጌሙ በቀልድ የተጀመረ ሙከራ ነበር፤ ቪዲዮውን ያየው ሕዝብ ስለወደደው ለገበያ በቃ። ሠሪዎቹ ጨዋታውን ከሚያቋርጡት በስተቀር ሌሎቹን የአሠራር ስህተቶች ሆን ብለው ተዉአቸው፤ የፍየሏ አንገት እንደ ገመድ ቢረዝም ወይም ግድግዳ ውስጥ ብትሰነቀር ሰው የሚስቀው በዚያ ነውና። ስህተትን ለደስታ ማዋል ትልቅ ችሎታ ነው ብዬ አምናለሁ።

ልጄን እራት ቀርቧል ስለው «እማዬ፣ ይኼኛው አይቆምም» ይለኛል። እያታለለኝ ነው? (እናት፣ ከቦሳ አዲስ)

እህቴ፣ ሁለቱም ሊሆን ይችላል። ቴሌቪዥኑ ላይ ብቻውን ወይም ከወንድሙ ጋር የሚጫወት ከሆነ ጨዋታው ይቆማል፤ አታሎዎታል። በኢንተርኔት ከሌላ ሰው ጋር ከሆነ ግን በአብዛኛው አይቆምም፤ ጥሎ ቢነሣ ተሸናፊ ሆኖ ይቆጠርበታል። አንድ የእግር ኳስ ግጥሚያ ከሩብ ሰዓት ብዙም ስለማያልፍ፣ ወጡን ከማውጣትዎ በፊት ቀደም ብለው ቢነግሩት ሁለታችሁም ትስማማላችሁ።

እስከ ዛሬ በጣም የተሳቀበት የኳስ ጌም የትኛው ነው?

ያለ ጥርጥር ኢፉትቦል 2022። ኮናሚ ለብዙ ዓመታት ፔስ እያልን የወደድነውን ጌም ስም ቀይሮ እ.ኤ.አ. መስከረም 30 ቀን 2021 በነጻ ሲለቀው፣ የታወቁ ተጫዋቾች ፊት ተጣሞ፣ ተመልካቹም ከጭቃ የተጠፈጠፈ መስሎ ታየ፤ ስቲም በተባለው የጌም መደብርም በታሪኩ እጅግ ዝቅተኛ አስተያየት ከተሰጣቸው ጌሞች ተርታ ተሰለፈ። ኩባንያው ወዲያው ይቅርታ ጠይቆ ማስተካከል ጀመረ። በእኔ ቤት የብራዚላዊውን አጥቂ የአድሪያኖን የግራ እግር በቀድሞው ፔስ 6 የሚያስታውሱ ሰዎች በዚያ ሰሞን የቀለዱት ከልብ አዝነው ስለነበር ነው።

ሰላማዊው ጋንዲ ኒውክሌር የሚወረውርበት ጌም አለ ይባላል። በስህተት የመጣ ነው?

ጌሙ አንድን አገር እየመሩ የሚጫወቱበት ሲቪላይዜሽን ነው። ወሬው እንዲህ ይላል፦ እ.ኤ.አ. በ1991ዱ የመጀመሪያ ጌም የጋንዲ የጠብ መጠን 1 ስለነበር፣ ዴሞክራሲን ሲቀበል 2 ሲቀነስበት ቁጥሩ ከዜሮ በታች መውረድ ስላልቻለ ሊይዝ ወደሚችለው ትልቁ ቁጥር፣ ወደ 255 ዘለለ። ጌሙን የፈጠሩት ሲድ ሜየር ግን እ.ኤ.አ. በ2020 ባሳተሙት ትዝታ እንዲህ ያለ ስህተት እንዳልነበረ አስረድተዋል። በ2010 በወጣው አምስተኛው ጌም ውስጥ ግን ሠሪዎቹ ጋንዲን ሆን ብለው ኒውክሌር ወዳድ አደረጉት። በዚሁ ተከታታይ ጌም ውስጥ አጼ ኃይለ ሥላሴና ዳግማዊ አጼ ምኒልክ ኢትዮጵያን እንደሚመሩም ይታወቅ።

2,000 ሰዓት የተጫወተ ሰው «አልመክራችሁም» ብሎ ሲጽፍ ልመነው?

እመነው፤ ነገር ግን ምክንያቱን አንብብ። ስቲም ከአስተያየቱ አጠገብ የተጫወተበትን ሰዓት ስለሚያሳይ ሰው ይስቃል። ያን ያህል የቆየ ሰው ግን የጌሙን ጉድለት ከማንም በላይ ያውቃል፤ ብዙ ጊዜም የሚያማርረው አንድ ማሻሻያ የወደደውን ነገር ስለለወጠበት ነው። «ደባሪ ነው» ብቻ ካለ እለፈው። «ግብ ጠባቂው ኳሱን ሲያይ በሩን የሚለቀው የታክሲ ወረፋ ያመለጠው ይመስል ነው» ካለ ግን፣ ግብ ጠባቂው ያለ ጊዜው እንደሚወጣ ነግሮሃል።

የእኔም ዘንግ ወደ ግራ ይሄዳል። ላምጣው?

አምጣው። መጀመሪያ ግን ጠረጴዛ ላይ አስቀምጠህ ሞክረው።