ቀጰዶቅያ በአንድ ቀን፦ የአንባቢያን ጥያቄና መልስ

«ቱርክ፣ ቀጰዶቅያ ውስጥ ያለን አንድ ቀን ብቻ ነው። ዋሻ ቤተ ክርስቲያኖቹን ለማየት “ቀዩ” ጉብኝት ይሻላል “አረንጓዴው”?»

ሁለቱም አስጎብኚዎች የሚሸጧቸው የአንድ ቀን ጉዞዎች ስም ናቸው፤ ቀዩን ይያዙ። ከመክፈልዎ በፊት ግን ዋሻ ቤተ ክርስቲያኖቹ ያሉበት የጎሬሜ ክፍት ሙዚየም በዝርዝሩ ውስጥ መኖሩን ያረጋግጡ። አረንጓዴው ወደ ደቡብ ወርዶ የደሪንኩዩን የምድር ውስጥ ከተማ፣ የኢህላራን ሸለቆና የሰሊሜን ገዳም ያሳያል። መልክዓ ምድሩ ድንቅ ነው፤ ኢህላራም ቤተ ክርስቲያኖች አሉት፣ ብዙዎቹ ሥዕሎች ግን ተፍቀዋል፣ ስም ተጭሮባቸዋል። ሁለቱን በአንድ ቀን የሚያጣብቅ ፕሮግራም አይቀበሉ። ከጎሬሜ ኢህላራ ከአንድ ሰዓት በላይ መንገድ ስለሆነ፣ የሚቆረጠው ቤተ ክርስቲያን ውስጥ የሚቆዩበት ሰዓት ነው።

ሙዚየሙ እንደተከፈተ፣ ሰው ሳይበዛ፣ በቀጥታ ወደ ጨለማው ቤተ ክርስቲያን (ካራንልክ ኪሊሴ) ይሂዱ። ሲወጡ ቲኬትዎን አይጣሉ፤ ትልቁ ቤተ ክርስቲያን ቶካሊ የሚገኘው ከበሩ ውጭ፣ መንገዱን ወረድ ብሎ ነው፤ በዚያው ቲኬት ይገባሉ። ብዙ ሰው ሳያየው ወደ መኪናው ይመለሳል፤ ያሳዝናል፣ ምክንያቱም የ10ኛው ክፍለ ዘመን ሥዕሎቹ ላፒስ ላዙሊ ከተባለው የከበረ ድንጋይ በተሠራ ሰማያዊ ቀለም የደመቁ ናቸው።

«ለጨለማው ቤተ ክርስቲያን ተጨማሪ ክፍያ ጠየቁን። ያዋጣል?»

አዎ። ብርሃን የሚገባው በአንዲት ትንሽ መስኮት ስለሆነ ቀለሙ ሳይደበዝዝ ቆይቷል። ፎቶ ማንሳት ክልክል ነው። ዓይንዎ ጨለማውን እስኪለምድ ጥቂት ደቂቃ ቆመው ይጠብቁ።

«እናቴ ጉልበቷን ያማታል። አረንጓዴውን ትችለዋለች?»

በከፊል። ደሪንኩዩ 85 ሜትር ያህል ወደ ታች የሚወርድ ሲሆን መተላለፊያው ጎንበስ ብሎ በአንድ ሰልፍ የሚኬድበት ነው፤ መሐል ላይ መመለስ ያስቸግራል። እናትዎ ሳይወርዱ መግቢያው አጠገብ ይጠብቁ። ኢህላራም በዋናው በር 400 ገደማ ደረጃ አለው። ይልቅ ከሾፌሩ ጋር በመኪና ወደ በሊስርማ መንደር ይሂዱ፤ እዚያ ወንዙ ዳር ይደርሳሉ፣ ተጓዡም ብዙውን ጊዜ ምሳ የሚበላው እዚያው ነው። ይህን በጉዞው ዕለት ጠዋት ሳይሆን አስቀድመው ሲመዘገቡ ይነጋገሩ።

«ከላሊበላ በምን ይለያል?»

ሁለቱም ከእሳተ ገሞራ ድንጋይ ተፈልፍለዋል። የላሊበላዎቹ ታላላቆች ግን ከላይ ወደ ታች ተቆፍረው ዙሪያቸው ከዐለቱ የተለቀቀ ነው። በቀጰዶቅያ መነኮሳቱ ከጎን ወደ ውስጥ ቆፈሩ፤ ድንጋዩ ከተጠቀጠቀ አመድ የተሠራ ስለሆነ ለመፈልፈል ይቀላል፣ ዝናብም በቀላሉ ይበላዋል። ሲረጥብ ያንሸራትታል፤ ሶሉ የሚይዝ ጫማ ያድርጉ። ላሊበላ ዛሬም ይቀደስበታል። እዚህ ግን ክርስቲያኖቹ በ1923 በተፈረመው የግሪክና ቱርክ የሕዝብ ልውውጥ አገሩን ለቀዋል።

«በየትኛው አየር ማረፊያ እንውረድ?»

ኔቭሼሂር ለጎሬሜ ይቀርባል፣ 40 ኪሎ ሜትር ገደማ። ካይሴሪ 75 ያህል ይርቃል። ጊዜ ካለዎት ግን ካይሴሪን ይምረጡ፤ ቅዳሴ ባስልዮስ በስሙ የሚጠራው ቅዱስ ባስልዮስ በ4ኛው ክፍለ ዘመን ሊቀ ጳጳስ የነበረባት ቂሣርያ ይህችው ናት።