ባዶውን ቦታ ባዶ ተዉት

ልጆቼ፣

ሥራ የጀመርኩት እዚሁ ጅማ፣ የዝናብ መለኪያ በማንበብ ነበር። ጠዋት በ3 ሰዓት ወደ ግቢው ጥግ እሄዳለሁ፤ የተጠራቀመውን ውሃ በመስፈሪያው እለካለሁ፤ ሚሊ ሜትሩን በመዝገብ አሰፍራለሁ። አንድ ዓመት ነሐሴ ላይ ለቅሶ ሄጄ ስመለስ የ9 ቀን መስመር ባዶ ሆኖ ጠበቀኝ። የአለቃዬን ቁጣ ፈራሁና የአምናውን እያየሁ በግምት ሞላሁት። ማንም አልጠየቀኝም። ያ ገጽ ግን እስከ ዛሬ ከዓይኔ አልጠፋም።

ብዙዎቻችሁ ስታነጋግሩኝ «በዓለም አቀፍ የልማት ድርጅት መሥራት እፈልጋለሁ» ትሉኛላችሁ። ፈልጉ፤ መልካም ምኞት ነው። በእኔ ወጣትነት ከእነዚህ ተቋማት የምንጠብቀው ስንዴ የጫነ መኪና ነበር፤ እሱም የሚደርሰው ጅቡ ከሄደ በኋላ ነው። ባለፉት 20 ዓመታት ያየሁት ትልቅ ለውጥ፣ ገንዘቡ ከአደጋው በፊት ተዘጋጅቶ እንዲቀመጥ መደረጉ ነው። የካሪቢያን አገሮች እ.ኤ.አ. በ2007 በዓለም ባንክ ድጋፍ የጋራ የመድን ቋት አቋቋሙ። ሄይቲ እ.ኤ.አ. በ2010 በመሬት መንቀጥቀጥ ስትፈራርስ ከዚሁ ቋት ወደ 8 ሚሊዮን ዶላር የሚጠጋ ክፍያ በ2 ሳምንት ውስጥ ደረሳት። ከጥፋቱ ጋር ሲተያይ ጠብታ ነው፤ ግን ለምኖ የተገኘ ሳይሆን በውል የመጣ ነው። በእኛም አገር በ1997 ዓ.ም. የተጀመረው የሴፍቲኔት ፕሮግራም አስቀድሞ ለክፉ ቀን የተመደበ ገንዘብ ስለነበረው፣ በ2003ቱ ድርቅ ተጨማሪ 3 ሚሊዮን ያህል ሰዎችን በፍጥነት ሊደግፍ ችሏል።

እንደ ካሪቢያኑ ያለው የመድን ውል የወደቀ ቤት ወይም የሞተ ከብት ተቆጥሮ አይከፈልበትም። የሚከፈለው የተስማሙበት ልኬት፣ ዝናብም ይሁን ነፋስ፣ ከተቆረጠለት ወሰን ሲያልፍ ወይም ሲያንስ ነው። ፍጥነቱ ከዚህ ይመጣል፤ ድክመቱም ከዚሁ ነው። በ1998 ዓ.ም. የዓለም ምግብ ፕሮግራም ለኢትዮጵያ ድርቅ መድን ሲገዛ፣ አረቦኑ፣ ማለትም ለመድኑ የተከፈለው ዋጋ፣ 930,000 ዶላር ያህል ነበር፤ ዝናቡ ቢጠፋ የሚከፈለው እስከ 7.1 ሚሊዮን ዶላር ይደርስ ነበር። ዳኛው ማን እንደነበር ታውቃላችሁ? በአገሪቱ ያሉ 26 የሜትሮሎጂ ጣቢያዎች መዝገብ። ይህን ባነበብኩበት ቀን ያቺ የነሐሴ ገጽ ፊቴ ላይ ድቅን አለች። በዚያ ዓመት ዝናቡ ደግ ስለነበር ክፍያ አላስፈለገም። «ገንዘቡ ባከነ» ያሉ ነበሩ፤ እኔ አልስማማም። በክፉ ቀን የሚደርስ እጅ በደህናው ቀን ዋጋ ይከፈልበታል።

የማላዊ ነገር ደግሞ እስከ ዛሬ ያንገበግበኛል። አገሪቱ በአፍሪካ ኅብረት ሥር ከተቋቋመው የድርቅ መድን ተቋም ዋስትና ገዝታ ነበር። እ.ኤ.አ. በ2016 ከ6 ሚሊዮን በላይ ሕዝብ እህል ሲቸግረው፣ ኮምፒውተሩ «ለክፍያ የሚያበቃ ድርቅ የለም» አለ። ሲመረመር፣ ስሌቱ የተሠራው ዘግይቶ በሚደርስ በቆሎ ነበር፤ ገበሬው ግን ቶሎ የሚደርሰውን መዝራት ከጀመረ ቆይቷል። ስሌቱ ታርሞ 8 ሚሊዮን ዶላር ያህል እስኪከፈል ድረስ ወራት አለፉ። አስቡት፤ በየቀበሌው እየዞረ «ዘንድሮ ምን ዓይነት ዘር ዘራችሁ?» ብሎ የሚጠይቅና የሰማውን የሚጽፍ ሰው ያንን መከራ ሊያሳጥር ይችል ነበር። እናንተ እንድትሆኑልኝ የምፈልገው ያን ሰው ነው።

ቁጥር የማይደርስበትም ነገር አለ። ሐምሌ 2016 ዓ.ም. ከዳውሮ ማዶ፣ ጎፋ ዞን ገዜ ጎፋ ወረዳ፣ ተራራው ተንዶ ሰው ቀበረ። ጎረቤት ሊያወጣ ተሯሯጠ፤ ሲቆፍር ዳግመኛ ተናደበት። ከ200 በላይ ሰው አለቀ። ጎረቤቱ የሮጠው ደግ ስለሆነ ነው። በእያንዳንዱ ቀበሌ ግን «ቁልቁለቱ አልረጋም፣ ቆዩ» የሚልና ሲናገር የሚደመጥ ሰው ሊኖር ይገባል፤ በዚህ ሥልጠና ላይ የሚውል ገንዘብ ከማንኛውም መጋዘን ይልቅ ይበልጥብኛል።

ስለዚህ ማመልከቻ ከመጻፋችሁ በፊት አዌቱ ዳር ውረዱ። ወንዙ ሲሞላ እስከ የትኛው አጥር እንደደረሰ አዛውንቶቹን ጠይቁ፤ ዓመቱን ካላስታወሱ «አላስታወሱም» ብላችሁ ጻፉ። የማያውቁትን እንዲነግሯችሁ አትጎትጉቷቸው። ግድግዳው ላይ የውሃ ምልክት ካለ ከመሬት ያለውን ከፍታ ለኩ፤ ቤቱ ሲታደስ ይጠፋል።

እኔ ጡረታ ከወጣሁ በኋላ ግቢዬ ውስጥ መለኪያ ተክያለሁ። መዝገቡን ማየት የሚፈልግ ይምጣ፤ ቡና እናፈላለን። ባለፈው ሰኔ ታምሜ የተኛሁባቸው 4 ቀናት አሉ። ቦታቸው ባዶ ነው።