ቤት የተከማቸ አሮጌ ኮምፒውተርና ኤሌክትሮኒክስ ምን ላርገው ላልሽው

ሰላም እህቴ፣ ጥያቄሽን አየሁት። ሁለት አሮጌ ዴስክቶፕ፣ ባትሪው ያበጠ ላፕቶፕ፣ ከኋላው ትልቅ የሆነው የድሮ ሞኒተር፣ ፕሪንተር፣ የማይሰራ ማይክሮዌቭ እና አንድ ፌስታል ሙሉ ቻርጀርና ገመድ አለኝ፣ ከቆሻሻ ጋር ልጣለው ወይስ ፈታትቼ ብረት ለሚገዛ ልሽጠው፣ ፎቶዎቼስ ሰው እጅ ይገቡ ይሆን ነው ያልሽው። ብዙ ዓመት ኮምፒውተር ጥገና ላይ ነው የሰራሁት፣ የመስሪያ ቤቶችን አሮጌ ዕቃ ለይቶ ማስወገድም በእጄ ያለፈ ስራ ስለሆነ ትንሽ ረዘም አርጌ ልመልስልሽ። ባጭሩ ከፈለግሽ ግን፣ ከቆሻሻ ጋር አትጣዪው፣ አትፍቺውም፣ ዳታሽን አጥፍተሽ ዕቃውን ሙሉውን እንዳለ፣ የት እንደሚያደርሰው በግልጽ ሊነግርሽ ለሚችል ተቀባይ ስጪው።

መጀመሪያ ባትሪው። ሌላው ዕቃ ወር ሁለት ወር ቢቀመጥ ምንም አይልም፣ እሱ ግን ጊዜ አይሰጥም። ያበጠ የሊቲየም ባትሪ ማለት ውስጡ ጋዝ ፈጥሮ ሽፋኑን የወጠረ ባትሪ ነው፣ ላፕቶፕ ላይ ሚታወቀው ታችፓዱ ወደ ላይ ይነሳና አልጫን ይላል፣ የታችኛው ክዳን መግጠም እምቢ ይላል፣ ጠረጴዛ ላይ ስታስቀምጪው ይንገዳገዳል። ከአሁን በኋላ ቻርጅ አታርጊው፣ ክዳኑ ይግጠም ብለሽም አትጫኚው፣ በስክሪውድራይቨር ፈንቅለሽ ለማውጣት ደግሞ በፍጹም እንዳትሞክሪ፣ ውስጡ ያሉት ስስ ንብርብሮች ተቀደው ከተነካኩ በሰከንዶች ይቀጣጠላል፣ ጭሱም መርዛማ ነው። ከውጭ በመቆለፊያው ተከፍቶ ሚወጣ ዓይነት ከሆነና ሳታስገድጂው ከወጣልሽ አውጪውና የብረት ጫፎቹን በፕላስተር ሸፍኚ፣ ካልሆነ ላፕቶፑን እንዳለ ተዪው። በሁለቱም መንገድ ደረቅ አሸዋ ያለበት የብረት ዕቃ ውስጥ ወይም ላይ አርገሽ ፀሀይ ከማያገኘውና ልጆች ከማይደርሱበት፣ መጋረጃና ወረቀት ከሌለበት ቦታ አስቀምጪው፣ ስትሰጪም "ይሄኛው አብጧል" ብለሽ በአፍሽ ንገሪያቸው። ከቆሻሻ ጋር እንዳትጥዪ ያልኩሽ አንዱ ምክንያትም ይሄው ነው፣ የቆሻሻ መኪናው ጭነቱን ሲጨምቅ ባትሪው ይጨፈለቅና እሳት ይነሳል፣ ሰራተኞቹ ናቸው ሚጎዱት።

ወደ ዳታው ስንመጣ የፈራሽው ትክክል ነው። አንድ ደንበኛ ሁለተኛ እጅ የገዛውን ዴስክቶፕ ራም ጨምርልኝ ብሎ አመጣልኝ፣ የራሱ ፋይል ጠፍቶበት ስለነበር በሪከቨሪ ፕሮግራም ስፈልግለት የሱ ሳይሆን የቀድሞዋ ባለቤት ፋይሎች ተከታትለው ወጡ፣ የፓስፖርት ኮፒ፣ የባንክ ስቴትመንት፣ የልጆቿ ፎቶ። እሷ ፎርማት አርጋው ነበር የሸጠችው። ዲሊት ስታረጊ ወይ ኩዊክ ፎርማት ስታረጊ ሚጠፋው ፋይሉ የት እንዳለ ሚናገረው ማውጫ ነው እንጂ ፋይሉ ራሱ ሌላ ነገር እስኪጻፍበት ድረስ እዛው ነው። ስለዚህ ውስጡ ሳህን ሚሽከረከርበት ሃርድ ዲስክ ከሆነ ከጫፍ እስከ ጫፍ ሌላ ነገር ሚጽፍበትን ዓይነት ማጽዳት ምረጪ፣ ዊንዶውስ ላይ ሪሴት ስታረጊ "ሪሙቭ ኤቭሪቲንግ" ብለሽ ከዛ ሴቲንጉ ውስጥ "ክሊን ዳታ" ሚለውን አብሪ፣ ሰዓታት ይፈጃል ግን ይሰራል፣ አሁን ባሉት ዲስኮች አንድ ዙር በቂ ነው፣ ሰባት ጊዜ ምናምን ሚባለው የድሮ ወሬ ነው። ኤስኤስዲ (ሚሽከረከር ነገር የሌለው፣ ቺፕ ላይ ሚያስቀምጥ ዲስክ) ከሆነ ግን ይሄ አይበቃም፣ ምክንያቱም ኤስኤስዲ ጽሁፉን ራሱ እያዘዋወረ ስለሚያስቀምጥ ማትደርሺባቸው ክፍሎች ይቀራሉ፣ ለሱ አምራቹ ያወጣውን ፕሮግራም አውርደሽ "ሴኪዩር ኢሬዝ" ሚለውን ተጠቀሚ። ከመጀመሪያው ቢትሎከር (ዲስኩን በሚስጥር ቁልፍ ሚቆልፈው የዊንዶውስ መከላከያ) በርቶ የነበረ ዲስክ ከሆነ በጣም ቀላል ነው፣ ቁልፉ ከጠፋ የቀረው ለማንም ትርጉም የለውም።

ኮምፒውተሩ ጭራሽ ካልተነሳ ዲስኩን አስወጥተሽ በዩኤስቢ አዳፕተር ሌላ ኮምፒውተር ላይ ሰክተሽ ማጽዳት ይቻላል። ዲስኩ ራሱ ከሞተ መብሳት ነው፣ ግን የላፕቶፕ ዲስኮች ውስጣቸው ያለው ሳህን ብዙ ጊዜ መስታወት ስለሆነ ድሪል ሲነካው ይበታተናል፣ የዓይን መከላከያ ሳያረግ ማንም እንዳይነካው። ስልክም ካለሽ ሪሴት ከማረግሽ በፊት ከጉግል ወይ ከአይክላውድ አካውንትሽ ውጪ፣ ካልወጣሽ ስልኩ ተቆልፎ ይቀርና ደህና ሚሰራ ስልክ ቁርጥራጭ ይሆናል። ፕሪንተሩም የዋይፋይ ፓስወርድሽን ይይዛልና ሪሴት አርጊው።

አሁን መፍታቱ ላይ እንምጣ፣ እዚህ ላይ ነው ከብዙ ሰው ጋር ማልስማማው። ማይክሮዌቩ ከሶኬት ከተነቀለ በኋላም ውስጡ ያለው ካፓሲተር ሚባል ኤሌክትሪክ ሚያጠራቅም ክፍል ሰው ሚገድል ቻርጅ ይዞ ሊቆይ ይችላል፣ አትክፈቺው። የድሮው ሞኒተርም ያው ነው፣ በዛ ላይ ምስሉን ሚያሳየው የመስታወት ቱቦ ውስጡ አየር የሌለው ስለሆነ ከተሰበረ መስታወቱ ይፈነጠራል፣ መስታወቱም ውስጥ በኪሎ ሚቆጠር እርሳስ አለበት። ቀደም ያሉት ጠፍጣፋ ስክሪኖች ደግሞ በኤልኢዲ ሳይሆን በቀጫጭን የፍሎረሰንት ቱቦ ነው ሚበሩት፣ ቱቦው ውስጥ ሜርኩሪ አለ። ገመዱን አቃጥሎ መዳቡን ማውጣት ሚባለውን ተዪው፣ የፒቪሲው ሽፋን ሲቃጠል ዳይኦክሲን ሚባል መርዝ ያወጣል፣ ጋና አክራ አግቦግብሎሺ ሚባለው የአሮጌ ዕቃ ቦታ ላይ ለዓመታት ወጣቶች በባዶ እጃቸው ሲያቃጥሉ የኖሩት ይሄንኑ ነው።

ዩቲዩብ አይተው ከማዘርቦርድ (ከኮምፒውተሩ ዋና ቦርድ) ወርቅ በአሲድ አወጣለሁ ሚሉም አሉ። እስቲ የቶኪዮ ኦሎምፒክን እዩት፣ ሜዳሊያዎቹ ከ2017 እስከ 2019 ከተሰበሰበ አሮጌ ኤሌክትሮኒክስ ነው የተሰሩት፣ 79,000 ቶን አካባቢ ዕቃ፣ ከ6 ሚሊዮን በላይ ሞባይል ጨምሮ ተሰብስቦ የወጣው ወርቅ 32 ኪሎ ገደማ ነው። ያውም በትልልቅ ማቅለጫ። ከሁለት ቦርድ ምን ሊገኝ ነው ሰው ሳንባውን በአሲድ ጭስ ሚያቃጥለው? በአግባቡ ሚሰራ ማቅለጫ ግን ከዛው ቦርድ ወርቁንም፣ ብሩንም፣ ፓላዲየሙንም፣ መዳቡንም ያወጣል፣ ለዛ ነው ቦርዱ ሳይቆራረጥ ሙሉውን ይድረስ ምለው።

ተቀባዩን እንዴት ልመን ካልሽ፣ ጠይቂው። ቦርዱ የት ነው ሚሄደው፣ ባትሪውን ማነው ሚወስደው፣ የሞኒተሩ መስታወትስ? በደንብ ሚሰራ ሰው ሳይቸገር ይመልስልሻል፣ አንዳንዱ እንዲያውም አር-ቱ ወይም ኢ-ስቲዋርድስ ሚባል፣ ኤሌክትሮኒክስን በአግባቡ ለሚያስወግድ ሚሰጥ ሰርተፍኬት አለው። እኔ ዋናው ምለይበት ግን ዴስክቶፑን በደስታ ተቀብሎ ሞኒተሩን እምቢ ሲል ነው፣ እሱ ሚፈልገው መዳብና ብረቱን ብቻ ነው፣ የማይሸጠውን የሆነ ቦታ ይደፋዋል ማለት ነው። በ2022 ዓለም ላይ ከወጣው 62 ሚሊዮን ቶን የኤሌክትሮኒክስ ቆሻሻ ውስጥ በአግባቡ ተሰብስቦ ሪሳይክል መሆኑ የተመዘገበው ሩብ እንኳን አይሞላም፣ ከቀረው ብዙው በእንደዚ ዓይነት እጅ ነው ሚያልፈው። ዴል፣ ኤችፒ፣ አፕል የመሳሰሉት አምራቾችም በብዙ ቦታ የራሳቸውን ዕቃ መልሰው ስለሚወስዱ እሱንም ዌብሳይታቸው ላይ አጣሪ፣ የፕሪንተሩን ካርትሬጅም እንደዛው።

ዴስክቶፖቹን ግን ከመስጠትሽ በፊት አንዴ አስቢበት። ዊንዶውስ 10 ኦክቶበር 14፣ 2025 ላይ መደበኛ ድጋፉ ስላበቃ ብቻ ሰው ደህና ማሽን እየጣለ ነው። ሃርድ ዲስኩን አውጥተሽ አነስተኛ ኤስኤስዲ ብታስገቢበትና በዊንዶውስ ፋንታ ሚሰራውን ነጻ ሲስተም ሊነክስ ሚንትን ብትጭኚበት ለተማሪ ጽሁፍና ኢንተርኔት ብዙ ያገለግላል፣ አንድ ኮምፒውተር አካባቢ ላይ ሚያደርሰው ጉዳት ትልቅ ድርሻው ሲመረት ያለቀ ስለሆነ አንድ ዓመት እንኳን መቆየቱ ትልቅ ነገር ነው። ስጦታ ምትሰጪው ግን ሚሰራውን ብቻ ይሁን፣ የሞተ ዕቃ ለትምህርት ቤት መለገስ ማስወገዱን ለነሱ መጫን ነው።

ፌስታሉ ውስጥ ያሉትን ቻርጀሮች አንድ በአንድ ተለጣፊያቸውን እዪ፣ አውትፑት ሚለው ጋር ቮልትና አምፔሩ ተጽፏል፣ ከምትሰጪው ዕቃ ጋር ሚሄደውን እዛው ዕቃ ላይ በፕላስተር እሰሪው፣ ያለ ቻርጀሩ የተሰጠ ላፕቶፕ ተሞክሮ እንኳን ሳይታይ ነው ወደ ቁርጥራጭ ሚጣለው። ዲስኮቹ ሃርድ ዲስክ ይሁኑ ኤስኤስዲ መለየት ካቃተሽ ሴሪያል ቁጥሩን ሸፍነሽ የተለጣፊውን ፎቶ እዚሁ ለጥፊልኝ፣ የትኛውን ፕሮግራም ማውረድ እንዳለብሽ እነግርሻለሁ።