ለኢየሩሳሌም ተሳላሚዎች፦ ርቀቱን ተዉት፣ ሰዓቱን ያዙ

የአንባቢያን ጥያቄና መልስ

በዚህ እትም የመረጥናቸው ጥያቄዎች ወደ ኢየሩሳሌም ለመሄድ ከሚሰናዱ አንባቢያን የደረሱን ናቸው። የምንጠቅሰው ሰዓት የኢየሩሳሌም ሰዓት ሆኖ በእኛ አቆጣጠር የተነገረ ነው፤ የሆቴሉ ሰዓት 15 ሲል እኛ 9 ሰዓት እንላለን። ከመጋቢት አጋማሽ እስከ ጥቅምት አጋማሽ የእነሱና የእኛ ሰዓት እኩል ነው፤ በቀሩት ወራት እነሱ በአንድ ሰዓት ወደ ኋላ ይቀራሉ።

ጥያቄ፦ የምንሄደው በቡድን ነው። ለአሮጌዋ ከተማ የተያዘልን ሁለት ቀን ብቻ ነው። ይበቃል? ከየት እንጀምር?

መልስ፦ ስፋቷን ላየ ይበቃል። በግንብ የታጠረችው ከተማ አንድ ካሬ ኪሎ ሜትር አትሞላም፤ ሡልጣን ሱሌይማን እ.ኤ.አ. በ1541 ያስጨረሰው ቅጥር ዙሪያውን 4 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። ከያፎ በር እስከ ጎልጎታ ቤተ ክርስቲያን ለጤነኛ ሰው የ10 ደቂቃ መንገድ ነው። ቀኑን የሚበላው የተዘጋ በር ነው። እያንዳንዱ ቅዱስ ቦታ የራሱ ባለቤት፣ የራሱ በዓልና የራሱ የምሳ ሰዓት አለው።

ምርጫው በእጃችሁ ከሆነ ከሰኞ እስከ ሐሙስ ባሉት ቀናት ሂዱ። አርብ ቀትር ላይ በደማስቆ በርና በአንበሶች በር በኩል ያሉት ጠባብ መንገዶች ለጁምዓ በሚመጣው ሕዝብ ይሞላሉ። ፀሐይ ስትጠልቅ ደግሞ የአይሁድ ሰንበት ይገባና አብዛኛው የከተማው አውቶቡስ እስከ ቅዳሜ ማታ ይቆማል። አርብን የምንመክረው ለአንድ ነገር ብቻ ነው፦ ፍራንሲስካውያን መነኮሳት በየሳምንቱ አርብ በ9 ሰዓት (በሙቀት ወራት በ10) የመስቀሉን መንገድ እየጸለዩ ይሄዳሉ። ማንም ሊከተላቸው ይችላል። 14ቱን ምዕራፎች (የጌታ መከራ የሚታሰብባቸውን ማቆሚያዎች) ሳይሳሳቱ በተራ ለማየት ከዚህ የተሻለ ዘዴ የለም፤ ምክንያቱም አንዳንዱ ምዕራፍ ከሱቅ አጠገብ ያለች ትንሽ በር ናት፣ ብቻውን የሚሄድ ሰው አልፏት ይሄዳል።

የመጀመሪያውን ቀን ከግንቡ ውጭ ጀምሩ። ጠዋት በ2 ሰዓት በታክሲ እስከ ደብረ ዘይት ራስ ውጡና በእግር ቁልቁል ውረዱ። ቁልቁለቱ ለጉልበት ይከብዳል፣ ሽቅብ ከመውጣት ግን ይሻላል። በመንገዱ ዕርገትን፣ ከዚያ ጌታ ለከተማዋ ያለቀሰበትን፣ ከታች ጌቴሴማኒን ታገኛላችሁ። አብዛኞቹ እነዚህ ቤተ ክርስቲያናት ከ6 ሰዓት እስከ 8 ሰዓት ገደማ ይዘጋሉ። ቡድኖች የሚሳሳቱት እዚህ ላይ ነው፦ ከተራራው ላይ ሲነሡና ፎቶ ሲያነሡ ቆይተው 6 ሰዓት ከ10 ላይ ጌቴሴማኒ ይደርሳሉ። ስለዚህ ከተራራው ራስ እስከ ጌቴሴማኒ ከ2 ሰዓት ተኩል በላይ አትፍጁ። የእመቤታችን መቃብር ከጌቴሴማኒ አጠገብ ነው፤ ወደ ታች 47 ያህል ሰፋፊ ደረጃ አለው፣ ውስጡም ጨለማ ነው፤ ደካማ ሰው ካለ ደግፉት።

ከሰዓት በኋላ በአንበሶች በር ገብታችሁ ቅድስት ሐናን ተሳለሙ። መስቀላውያን በ12ኛው መቶ ዓመት የሠሩት ቤተ ክርስቲያን ነው፤ የቤተ ሳይዳ መጠመቂያ ፍርስራሽ እዚያው ግቢ ውስጥ አለ፣ መግቢያ ይከፈላል። ቡድናችሁ ውስጥ መዘምር ካለ አንድ ዝማሬ ያሰማ፤ ድንጋዩ ድምፅን ይዞ ያስተጋባል። ከዚያ በመስቀሉ መንገድ ወደ ጎልጎታ ውጡ። ሁለተኛውን ቀን ለምዕራባዊው ግንብ፣ ለጽዮን ተራራና ለኢትዮጵያ ገዳም ለዴር ሡልጣን አድርጉት።

ጥያቄ፦ ወደ ጌታ መቃብር ማልዶ የሄደ ወረፋ አያገኘውም ይላሉ። እውነት ነው?

መልስ፦ ግማሹ እውነት ነው። መቃብሩ ያለበት የጎልጎታ ቤተ ክርስቲያን የሚከፈተው ጎህ ሳይቀድ ነው፤ አደባባዩም ባዶ ይሆናል። ነገር ግን መቃብሩ ያኔ ሥራ ላይ ነው። ሌሊቱን መጀመሪያ ግሪኮች፣ ቀጥሎ አርመኖች፣ ንጋት ላይ ደግሞ ላቲኖች (ካቶሊኮች) በተራ ይቀድሱበታል። ላቲኖቹ እስከ ማለዳ 2 ሰዓት ገደማ ቅዳሴያቸውን እያከታተሉ ስለሚያደርሱ፣ መቃብሩ ለተሳላሚ የሚከፈተው በመካከል ለጥቂት ደቂቃ ብቻ ነው። ቅዳሴ ሲጀመር ዘበኛው ሰልፉን ያቆማል፤ ተሰልፎ የነበረውም ቆሞ ይጠብቃል።

ስለዚህ ማለዳውን ለሌላው አውሉት። በሩን እንደገባችሁ ፊት ለፊት ጌታ የተገነዘበት ድንጋይ አለ። ወዲያው በስተ ቀኝ ወደ ቀራንዮ የሚያወጣው ቀጥ ያለ ደረጃ ነው፤ ማልዶ ባዶ የሚሆነው እሱ ነው። ከመቃብሩ በስተ ምሥራቅ 29 ያህል ደረጃ ወርዳችሁ የአርመኖችን የቅድስት ዕሌኒ ቤት፣ ከሱም ዝቅ ብሎ መስቀሉ የተገኘበትን ዋሻ ታገኛላችሁ። እኩለ ቀን ላይ የመቃብሩ ወረፋ አንድ ሰዓትና ከዚያም በላይ ሊፈጅ ይችላል። አጭር የሚሆነው ምሽት ላይ፣ ሊዘጋ አንድ ሰዓት ተኩል ሲቀረው ነው። የመዝጊያው ሰዓት በብርድ ወራት ወደ ምሽቱ 1፣ በሙቀት ወራት ወደ 3 ይጠጋል። የውስጥ ሥርዓቱ ሰዓት ግን ዓመቱን ሙሉ አይለወጥም፦ ከተማው በሙቀት ወራት ሰዓቱን ሲያስቀድም የቤተ ክርስቲያኑ አገልጋዮች በድሮው ይቀጥላሉ። በሙቀት ወራት ቅዳሴ በ1 ሰዓት ነው የተባለው ሰው በሆቴሉ ሰዓት በ2 መሄድ አለበት።

የመቃብሩ ቤት ሁለት ክፍል አለው። የመጀመሪያው የመልአኩ ክፍል ነው፤ ወደ ውስጠኛው የሚያስገባው በር ዝቅተኛ ስለሆነ ጎንበስ ብሎ ይገባል። በአንድ ጊዜ የሚይዘው ሦስት ወይም አራት ሰው ነው፣ የሚሰጠውም ጊዜ ከአንድ ደቂቃ አያልፍም። የሚጸለየውን አስቀድሞ ማሰብ፣ ቦርሳውን ለጓደኛ መስጠትና ስልኩን ኪስ መክተት ይበጃል፤ ውስጥ ፎቶ ማንሣት አይፈቀድም። ወረፋ ላይ «ገንዘብ ስጡኝ፣ ቶሎ አስገባችኋለሁ» የሚል ሰው ከመጣ እምቢ በሉት፤ መግቢያው ነጻ ነው። በጉዞ ጓድ መካከል ለአሥር ሰው ቦታ መያዝም ከሌላ አገር ተሳላሚ ጋር ጠብ ያስነሣል፣ አይጠቅምም።

ጥያቄ፦ ዴር ሡልጣንን ብዙ ሰው ሳያየው ይመለሳል ሲባል ሰማሁ። መንገዱ በየት ነው?

መልስ፦ በሁለት በኩል ነው። አንደኛው ከጎልጎታ ቤተ ክርስቲያን አደባባይ፦ ፊታችሁን ወደ ትልቁ በር ስታዞሩ በስተ ቀኝ ጥግ ትንሽ በር አለች። እሷ ወደ ቅዱስ ሚካኤል ታስገባለች፤ ከዚያ በጠባብ ደረጃ ወደ አርባዕቱ እንስሳ ወጥታችሁ በላይኛው በር ወደ ገዳሙ ግቢ ትደርሳላችሁ። በሯ የምታሳሳተው ተራ የጓዳ በር ስለምትመስል ነው። ሁለተኛው በኻን አዝ-ዘይት ገበያ በኩል በደረጃ ወጥቶ እስከ ዘጠነኛው ምዕራፍ መድረስ ነው፤ የገዳሙ በር እዚያው በስተ ግራ ነው። ጉልበት ላለው የመጀመሪያው ይሻላል፣ ሁለቱንም ቤት ያሳያል። በላይኛው ቤት ንግሥተ ሳባ ሰሎሞንን ስትጎበኝ የሚያሳየውን ትልቅ ሥዕል ሳታዩ አትለፉ።

ግቢው ያለው በቅድስት ዕሌኒ ቤት ጣሪያ ላይ ነው፤ መሀሉ ላይ ያለው ጉልላት የታችኛው ቤት ብርሃን መቀበያ ነው። አትደገፉበት፣ ዕቃም አታስቀምጡበት። የመነኮሳቱ ጎጆዎች መኖሪያ ናቸውና በር እየከፈቱ ማየት ነውር ነው። ጎጆዎቹም ሆኑ ግድግዳዎቹ ያረጁበት ምክንያት የእጅ ማጠር ብቻ አይደለም። ከግብጻውያን ጋር ያለው የይዞታ ክርክር ገና አላለቀም፤ የኦቶማን መንግሥት እ.ኤ.አ. በ1852 ያጸናው «ባለበት ይቆይ» የሚለው ሥርዓት ደግሞ ማን ምን እንደሚጠግን ሳይቀር ያስራል። እ.ኤ.አ. በ2017 ከቅዱስ ሚካኤል ጣሪያ ድንጋይ ወድቆ፣ በማግሥቱ ዓመት ጥገናው ሲጀመር የግብጽ መነኮሳት በር ላይ ቆመው ተቃውመው ነበር። ስለዚህ ተሳላሚ ከቤቱ ይዞት የመጣውን ሥዕል ወይም መጋረጃ በገዛ እጁ ለመስቀል አይሞክር፤ ለገዳሙ አባቶች ይስጥ። የዚህ ሥርዓት ምልክት ከትልቁ በር በላይ መስኮቱ ላይ ቆሞ ይታያል፦ ከ18ኛው መቶ ዓመት ጀምሮ በሥዕል የሚታወቅ መሰላል ነው፣ ያለ ሁሉም ስምምነት የሚያነሣው የለም።

ጊዜ ከተረፋችሁ ከግንቡ ውጭ በኢትዮጵያ መንገድ ያለውን ደብረ ገነት ኪዳነ ምሕረትን ጨምሩ፤ ክብ ነው፣ ጫማ ወልቆ ይገባል።

ጥያቄ፦ እናቴ 74 ዓመታቸው ነው፤ ጉልበታቸውን ያማቸዋል። ተሽከርካሪ ወንበር ልውሰድ?

መልስ፦ ወንበሩ በያፎ በር አካባቢ ይጠቅማል፣ በገበያው ውስጥ ግን ሸክም ይሆንብዎታል፤ የዳዊት መንገድ የሚባለው ከላይ እስከ ታች ደረጃ ነው። የሚታጠፍ ቀላል በርጩማና ምርኩዝ ይያዙላቸው። ወደ ጎልጎታ በክርስቲያኖች ሰፈር ላይኛው መንገድ ሄደው በሙሪስታን በኩል ይግቡ፣ ደረጃው ጥቂት ነው። ቀራንዮን መውጣት ካቃታቸው ከታች ያለውን የአዳምን ቤት ያሳዩዋቸው፤ የቀራንዮ ዐለት በመስተዋት ውስጥ ተሰንጥቆ ይታያል። ለምዕራባዊው ግንብ በአውቶቡስ ወይም በታክሲ እስከ ጉድፍ መጣያ በር ይሂዱ፤ ከፍተሻው በኋላ መሬቱ ሜዳ ነው። ከኅዳር እስከ የካቲት ዝናባቸው ነው፤ ብዙ እግር ያለሰለሰው የመንገድ ድንጋይ ሲረጥብ እንደ ሳሙና ያንሸራትታል፣ የጎማ ሶል ያለው ጫማ ግድ ነው።

ጥያቄ፦ እኔ ሙስሊም ነኝ፣ ባልደረባዬ ክርስቲያን ነው። አል-አቅሷን አብረን ማየት እንችላለን?

መልስ፦ ግቢውን እንጂ ውስጡን አብራችሁ አታዩም፣ የምትገቡትም በተለያየ በር ነው። ሙስሊም ያልሆነ ጎብኚ የሚገባበት አንድ በር ብቻ አለ፦ ከምዕራባዊው ግንብ አደባባይ በስተ ቀኝ ባለው የእንጨት ድልድይ ወጥቶ የሙግራቢ በር። የሚፈቀደው ከእሑድ እስከ ሐሙስ፣ በብርድ ወራት በግምት ከ1:30 እስከ 4:30 እና ከ6:30 እስከ 7:30 ነው፤ በሙቀት ወራት አንድ ሰዓት ይገፋል። በረመዷን ይቀንሳል፣ በሙስሊም በዓላት ይዘጋል፣ በጸጥታ ምክንያት ደግሞ ሳይታሰብ ሊዘጋ ይችላል፤ ማታውኑ ሆቴል ጠይቁ። ባልደረባዎ ፓስፖርት ይያዝ፤ መጽሐፍ ቅዱስና የጸሎት መጽሐፍ ሆቴል ይተው፤ እጅና እግር የሚሸፍን ልብስ ይልበስ። እ.ኤ.አ. በ691 ወይም 692 የተፈጸመውን የዐለቱን ቁባ ከውጭ ያያል።

እርስዎ በሌሎቹ በሮች ይገባሉ። በር ላይ ያሉት ፖሊሶችና የወቅፍ (የግቢው እስላማዊ አስተዳደር) ጠባቂዎች ፓስፖርት ሊያዩ ይችላሉ፤ ስምዎ የሙስሊም ስም ካልመሰላቸው ፋቲሓ እንዲቀሩ መጠየቅም የተለመደ ነው፣ ቅር አይበልዎት። ግቢው 144 ሺህ ካሬ ሜትር ያህል ስለሆነ የቂብሊው መስጊድና የዐለቱ ቁባ የተራራቁ ናቸው፤ ለዙሁር አንድ ሰዓት አስቀድመው ይድረሱ።

ጥያቄ፦ ለትንሣኤ ነው የምንሄደው። የቅዱሱን ብርሃን ሥርዓት ለማየት ምን ይደረግ?

መልስ፦ ብርሃኑ የሚወጣው በቀዳም ሥዑር ከሰዓት 8 ሰዓት ገደማ ነው፤ የእኛና የግሪኮች ትንሣኤ በአንድ ቀን ስለሚውል ያመልጠናል ብላችሁ አትስጉ። ችግሩ መግባት ነው። ፖሊስ የሰውን ቁጥር ስለሚወስንና ከጠዋት ጀምሮ መንገዶቹን ስለሚዘጋ፣ ያለ ፈቃድ የመጣ ሰው አደባባዩ ድረስ እንኳ አይደርስም። ፈቃዱ የሚገኘው በየቤተ ክርስቲያኑ በኩል ነው፤ አስጎብኚ ድርጅታችሁ ከኢየሩሳሌም የኢትዮጵያ ገዳማት ጋር ተነጋግሮ እንደሆነ ከመነሣታችሁ በፊት ጠይቁ። «እዚያ ስንደርስ ይስተካከላል» የሚል መልስ ከሰጣችሁ አልተነጋገረም ማለት ነው።

ባይሳካም ብዙ አይቀርባችሁም። ማታውን በዴር ሡልጣን ጣሪያ ላይ አባቶቻችን በድንኳን፣ በከበሮና በዝማሬ የሚያደርሱት ሥርዓት ለእኛ ሰው የበለጠ ይገባል። እዚያም ቦታው ጠባብ ነውና ከ11 ሰዓት በፊት ድረሱ። ሲጨናነቅ የነጠላ ጫፍ በሻማ ይቃጠላል፤ ነጠላችሁን አጣፍታችሁ ታጠቁት።

ጥያቄ፦ ቅባ ቅዱስ፣ ሻማና አፈር ይዞ መመለስ ይቻላል?

መልስ፦ ሻማ ይቻላል፤ 33 ሆኖ የታሰረውን በብርሃኑ ለኩሶ አጥፍቶ ማምጣት የተለመደ ነው። ሲጠፋ በመነፋት ሰሙ ይረጫልና በቆርቆሮ ክዳን ወይም በወፍራም ጨርቅ ይታፈን። ዘይትና ጠበል መተላለፊያ አውሮፕላን ጣቢያ ላይ ከ100 ሚሊ ሊትር ካለፈ ሊወሰድባችሁ ይችላል፤ ክዳኑን በፕላስተር ጠቅልላችሁ በሚጫነው ሻንጣ ክተቱት። ከጥንታዊ ቦታ ድንጋይ ቆርሶ ማውጣት በሕግ ያስጠይቃል፣ አፈርም ቢሆን ከገዳም አባቶች እጅ ተቀበሉ። ለዘመድ አድርስልኝ ተብሎ የተሰጣችሁን የታሸገ ዕቃ ሳትከፍቱ አትያዙ፤ የቤን ጉርዮን አውሮፕላን ጣቢያ ፈታሾች የመጀመሪያ ጥያቄያቸው «ሻንጣህን ማን አዘጋጀው? የሰው ዕቃ ይዘሃል?» የሚል ነው።